የሙሽራዋ መኪና ወደ ሰቆጣ

ከሰቆጣ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ሰርጉ እንዴት ነበር?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ሰርጉን አላየሁትም። ለሰርግ ሄጄ፣ ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ እኔ በእሷ መኪና ወጣሁ። ነገሩን ለሰው በተናገርኩ ቁጥር ግማሹን እረሳዋለሁ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ልጻፈው። ሰቆጣ ወዳለችበት ዋግ የሚሄድበት ምክንያት የሚገጥመው ሰው ብዙ አይደለም፤ እኔም ዝናሽ ባትኖር አልሄድም ነበር።

ዝናሽ የኮሌጅ ጓደኛዬ ናት። በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች እየተኛን ነው የተማርነው። የደሃና ወረዳ ልጅ ናት፤ ከአምደወርቅ በእግር ከሚደረስ መንደር። በእንቅልፍ ልቧ ስታወራ በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነበር የምታወራው። ጠዋት «ምን አልኩ?» ትለኛለች፤ እኔ ምኑን አውቄ! አሁን ሰቆጣ ታስተምራለች፤ ሙሽራውም የሰቆጣ ልጅ ነው። «ካልመጣሽ አልዳርም» አለችኝ በስልክ።

ልጄ ናትናኤል ያኔ አምስት ወሩ ነበር። ከወለድኩት ጀምሮ ፍርሃት ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው። ሲተኛ ትንፋሹን ለመስማት እጎነበሳለሁ፤ ሲያስነጥሰው ልቤ ይወርዳል። ባለቤቴ ደረጄ «ሂጂ፣ ትንሽ ንፋስ ይንካሽ፤ እኔና እማዬ አለን» ባይለኝ ኖሮ ከወልድያ ንቅንቅ አልልም ነበር። ወተት እያለብኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ አጠራቀምኩ፤ የጎደለውን በጣሳ ወተት እንዲሞሉት አለማመድነው።

ዓርብ

ናትናኤል ጡቴን እንደያዘ አንቀላፋ። ቀስ ብዬ አላቅቄ ለአማቴ አቀበልኳቸው። «ዞረሽ እንዳታዪ» አሉኝ። ዞሬ አየሁ። አፉ ገና ይጠባ ነበር፣ ባዶውን።

በእኛ አገር ዛሬ ጉዞ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። መናኸሪያ ውስጥ አንዱ «ሰላም ነው» ይላል፣ ሌላው «እስከ ማታ ምን ይታወቃል» ይላል። ተሳፈርኩ። የድልብን ዳገት በጉም ውስጥ ወጣን፤ በጋሸና በኩል ታጥፈን ላሊበላ ደረስን። ሰው ዓለም አቋርጦ የሚመጣበትን ከተማ እኔ መኪና ቀይሬ ብቻ አለፍኩት።

ከላሊበላ እስከ ሰቆጣ አጠገቤ የተቀመጡት ለምለም የሚባሉ የማር ነጋዴ ነበሩ። ወፍራም፣ ድምፃቸው መኪናውን የሚሞላ ሴት። «ምነው እንዲህ ደረትሽን አቅፈሽ?» አሉኝ። ልጅ ትቼ እንደመጣሁ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ነጠላቸውን አውልቀው ጀርባዬን ደገፉልኝ። ኮረብታው ላይ ሁሉ እርከን ነው፤ በእኛ በኩል ተራራው ቁጥቋጦ ለብሶ ነው የሚታየው፣ እዚህ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ አፈሩን ይዞታል። ፍየሉ ደግሞ ምን እንደሚበላ እንጃ፣ በየገደሉ ተንጠልጥሏል።

አንድ ኬላ ላይ አወረዱን። ፈታሹ ወጣት ነው፣ ፊቱ የደከመው። እጁን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቶ የጡት ማለቢያዬን አወጣው። እጀታ አለው፣ አፉ እንደ ጡሩምባ የሰፋ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሙን መጥራት አፈርኩ። እያገላበጠ አየው፤ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛውም ጠመንጃውን እንዳነገበ መጣ። ከያዙኝስ? እዚህ ካደርኩስ? ልጄስ?

እትዬ ለምለም ከሰልፉ ጮኹ፦ «ማለቢያ ነው! የጡት ወተት ማለቢያ! አራስ ልጇን ትታ መጥታ ነው እኮ። ካላመንክ ለእናትህ ደውልና ጠይቃት!»

ፈታሹ እንደ ፍም ለቀቀው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «እለፊ እህቴ» አለኝ። እኔ ግን መኪናው ውስጥ ገብቼም ማለቢያውን ከጉያዬ አላወጣሁትም።

ሰቆጣ የደረስነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ዝናሽ ቀድማ ወደ ወላጆቿ ሄዳለች፤ እኔ አልጋ ልይዝ ነበር ያሰብኩት። የያዝኩት ክፍል በሩ ከውስጥ አይቆለፍም፣ ቧንቧውም ደረቅ ነው። ዘበኛው «ማንም አይመጣም» አለኝ፤ ይኼ አባባሉ ይበልጥ አስፈራኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ደጅ ስወጣ እትዬ ለምለም የማር ጣሳቸውን በጋሪ አስጭነው በዚያው ሲያልፉ አዩኝ። «ምን ገትሮሽ ነው? ነይ እንጂ!» አሉና ቤታቸው ወሰዱኝ።

ውሃ አሙቀው ጡቴን በፎጣ ተኮሱልኝ፤ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ያለብኩትን ለመድፋት ስነሳ ከእጄ ተቀበሉኝና «እግር የማይረግጠው ቦታ ነው የሚፈሰው» ብለው ከጓሮው ቁልቋል ሥር ራሳቸው አፈሰሱት። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ቢሆን የፍየል ወጥ ነበር፣ በማሽላ እንጀራ። የእኛን ጤፍ ለለመደ አፍ ማሽላው ይሻክራል፤ ከነጩ ማራቸው ጋር ሲሆን ግን ሌላ ነው። ደረጄ ደወለ። ልጁ ደህና ነው፣ በልቷል፣ ተኝቷል። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

«አጆኺ» አሉኝ እትዬ ለምለም መኝታ ሲያነጥፉልኝ። በእኛው አይዞሽ ማለት ነው፤ ትግርኛውን ከገበያ ነው ያመጡት።

ቅዳሜ

በጠዋቱ መኪና አምደወርቅ ደረስኩ። የገበያ ቀን አልነበረም፤ መንገዱ ጭር ብሏል። የዝናሽ ወንድም መልካሙ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። ረጅም፣ ዓይኑ የቀላ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ገባ፤ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

በቅሎዋ ላይ ወጣሁ፤ መንገዱ ግን ገደል አፋፍ ለአፋፍ ነው። እሷ ደግሞ የምትወደው ዳር ዳሩን ነው። አንድ እግሬ ባዶ አየር ላይ ሲንጠለጠል አየሁና «አውርደኝ!» ብዬ ጮህኩ። አወረደኝ። ወልድያም ገደል አጥቶ አይደለም፤ ግን ከመውለዴ በፊት ስለ ራሴ አልፈራም ነበር። እናት ስሆን ነው ለካ ለራሴ አንገት መሳሳት የጀመርኩት።

መንገድ ላይ መልካሙ «ሐኪም ነሽ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

«መምህር ነኝ፣ እንደ ዝናሽ።»

«እ» አለና ደረት ኪሱን ዳበሰ።

ዳሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሴቶቹ በሽንኩርት እያለቀሱ ይሠሩ ነበር። ዝናሽ ከሴቶቹ መሃል ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንሶስላ የሞቀ እጇን እንዳልነካ እየተጠነቀቅኩ ተላቀስን፣ ተሳሳቅን። እናቷ እማማ ወለላ እግሬን ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ፤ እንግዳ ነሽና አሉኝ፤ በግድ አስቀረኋቸው።

ስልኬ እዚያ አይሠራም። ኔትወርክ የሚያዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ነው አሉኝ። ጀምበር ሳትጠልቅ ወጣሁ። ነፋሱ ይገፋል። ብዙ ሞክሬ ገባልኝ።

«ደረጄ! ልጁስ?»

«…ሰላም ነ… ትኩሳቱ ግን…»

ተቋረጠ።

ደግሜ ደወልኩ። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆሜ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሳሁት፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ምዕራብ። አልሠራ አለ። ትኩሳቱ ግን ምን? ጨመረ? ወደ ሐኪም ወሰዱት? ከታች ከበሮ ይመታል፣ እልልታ ይሰማል። እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስወርድ መልካሙን አገኘሁት። ልጄ ታሟል፣ መሄድ አለብኝ አልኩት። የምነግረው ነገር የሚያውቀው ነገር እንደሆነ ሁሉ ፊቱ ተለወጠ። «እህቴ፣ በዚህ ሰዓት በእግር አይወረድም። ነገ የሙሽራው መኪና እዚህ ድረስ ይወጣል። ከዚያ በፊት መኪና የለም» አለኝ።

እሑድ

ሊነጋጋ ሲል የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። የኔን ልጅ በሕልሜ የሰማሁ መሰለኝ፤ ቀሚሴ ግን ረጥቧል። ጆሮዬን ባላምነውም ጡቴ ሰምቷል። ተነሳሁና ድምፁን ተከትዬ ከትልቁ ቤት ጀርባ ወዳለች ጎጆ ሄድኩ።

እማማ ወለላ በጨርቅ የተጠቀለለች ጨቅላ ይዘው ጣታቸውን የፍየል ወተት ውስጥ እየነከሩ ያጠቧታል። መደቡ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተኝታለች። የመልካሙ ሚስት አበባ ናት። በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ ወልዳ፣ ከወለደች በኋላ ነው ትኩሳቱ የጀመራት። እጄን ግንባሯ ላይ ሳደርግ አቃጠለኝ። ዓይኗ ተከፍቷል፣ የምታየው ግን እኔን አይደለም፤ በኽምጣንጋ ከማይታይ ሰው ጋር ታወራለች። ቤቱ ደግሞ ይሸታል፣ ጥሩ ሽታ አይደለም።

«ልጄ» አሉኝ እማማ ወለላ፣ እጄን ይዘው፣ «ለዝናሽ እንዳትነግሪብኝ። አራስ ናት፣ ተኝታለች ነው ያልናት። ዛሬን ብቻ ልዳራት። ሸኝተናት ስናበቃ በቃሬዛ እንወስዳታለን።»

«እማማ፣ እስከዚያ ትቆያለች ብለው ነው?»

እንባቸው ሕፃኗ ላይ ወረደ።

ጨቅላዋ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼ ሰበሰብኩ። የእናቷ በሽታ ምን እንደሆነ አላውቅም። ወደ ልጄስ ይዤው ብሄድ? የራሴ ልጅ ትኩሳት ላይ እያለ የሌላ ሰው ልጅ ላጥባ? ግን ለቅሶዋ እየሳሳ ነበር። ታቀፍኳት። ውሃ እንደሚወስደው ሰው ነው የያዘችኝ፤ ያን ያህል ኃይል ከየት አመጣችው! ስትጠባ ተንሰቀሰቅኩ።

ዝም ማለት አልቻልኩም። እንግዳ ነኝ፣ የሰው ሰርግ ነው፤ ብናገር ደስታቸውን አበላሻለሁ፣ ባልናገር ደግሞ… ሕፃኗን እንዳቀፍኩ ወደ ሙሽራዋ ክፍል ገባሁ። ዝናሽ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ፀጉሯን እያስያዘች ነበር። ጆሮዋ ላይ ነገርኳት።

«አበባ?» አለች። «አራስ ናት ነው ያሉኝ።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። በነጭ ቀሚሷ ጭቃውን ረግጣ ወደ ጎጆዋ ሮጠች።

ከአጃቢዎቿ አንዷ ስንታየሁ የቀበሌው ጤና ባለሙያ ነች፤ ከሌላ ቀበሌ የተመለሰችው ለሰርጉ በዚያው ጠዋት ነው። ገብታ አየቻት፣ ወጣች። «የማኅፀን መመረዝ ይመስላል። ዛሬውኑ ሰቆጣ ካልደረሰች አላውቅም» አለች። ከዚያ እኔ ሕፃኗን ታቅፌ ሳያት ጥያቄዬን ሳልጠይቃት ገባት። «አበባ በእርግዝናዋ ተመርምራለች፣ ከቫይረሱ ነፃ ናት። ይኼ በሽታ በማጥባት ወዳንቺ አይመጣም። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ እንጂ አጥቢያት።»

በዚያ መሃል የሙሽራው መኪና በጡሩምባና በዘፈን ደረሰ። በፊኛና በአበባ የተሸለመ ላንድክሩዘር ነው፤ የሚዜዎቹ ሚኒባስ መንገዱን አልችል ብሎ አምደወርቅ ቀርቷል። ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዘፈኑ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

አባቷ አያ ተስፉ ከዳሱ ወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈርተው ነበር። «ልጄ፣ እኔም ልቤ እየነደደ ነው። ግን በሙሽራ መኪና ውስጥ ነፍሷ ብትወጣ ለትዳርሽ ገደ ቢስ ነው። አምቡላንስ እናስጠራ።»

«አምቡላንሱ ሰሃላ በኩል ወጥቷል፣ ትናንት ጠይቄያለሁ» አለ መልካሙ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያኔ ነው።

«አባባ» አለች ዝናሽ፣ «እማዬን ሲያገቡ በምን መጣች?»

«በበቅሎ።»

«እኔም አምደወርቅ ድረስ በበቅሎ እወርዳለሁ። መኪናው ይሂድ።»

ሁሉም ወደ ሙሽራው ዞሩ። ጌጡ ይባላል፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። ከሹፌሩ ጋር ሄዶ የኋላውን ወንበር አጠፈና የራሱን ካባ አውልቆ አነጠፈው። ሚዜዎቹ የመኪናውን አበባና ፊኛ መንቀል ሲጀምሩ «ተዉት፣ አታዘግዩአቸው» አለ።

አበባን በጋቢ አድርገው ጫኗት። ስንታየሁ ከራስጌዋ፣ መልካሙ ከግርጌዋ፣ እኔ ሕፃኗን ታቅፌ ከፊት።

የዚያን መንገድ ፍርሃት መጻፍ አልችልም። መኪናው በዘለለ ቁጥር አበባ ታቃስታለች፤ ማቃሰቷ ሲቆም ደግሞ ይብሳል። መልካሙ እግሯን ይዞ ስሟን ይጠራል። በየመንደሩ ያለው ሰው የተሸለመ መኪና አይቶ ከቤቱ ይወጣል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ወጣቶቹ እየጨፈሩ መንገድ ይዘጋሉ። ሙሽራ ዝም ብሎ አይታለፍማ! አንድ ቦታ መኪናውን ከበው መስኮቱን ይመቱ ጀመር። «ወዝወዝ በሉ! ሙሽራዋን አሳዩን!»

መልካሙ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አወጣ። በኽምጣንጋ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቃሉን አላወቅኩትም። እልልታው አፋቸው ላይ ቀረ። አንዲት አሮጊት ወደ ውስጥ አየችና «እግዚኦ!» ብላ መሬት ተንበረከከች። ወጣቶቹ ከፊታችን ድንጋዩን እየገፉ፣ ከብቱን እያባረሩ እስከ ዳገቱ ራስ ሮጡልን።

አምደወርቅ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ሰክተውላት፣ መርፌ ወግተው «ፍጠኑ» አሉን። ከዚያ ወዲያ ሕፃኗ ጉያዬ ውስጥ ተኝታ ነበር። ትንፋሿን ለመስማት ጎነበስኩ፤ መተንፈሷን ስሰማ ወደ ኋላ ዞሬ የእናቷን አደምጣለሁ።

ሰቆጣ ስንቃረብ ስልኬ ጮኸ። ደረጄ ነበር። ለመቀበል ፈራሁ። መልካሙ «አንሺው እንጂ!» አለኝ።

«የት ጠፋሽ? ከትናንት ጀምሮ እየደወልኩ!»

«ትኩሳቱ… ትኩሳቱ ምን ሆነ?»

«ትኩሳቱ? ትናንት ጠዋት ያመለጠውን ክትባት አስከትበነው የመጣበትን ነው የምትዪው? እኮ ለቆታል ስልሽ ነው የተቋረጠው። አሁን ቁጭ ብሎ በእማዬ ይስቅባታል።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የናትናኤልን ድምፅ ሰማሁ፤ ያ ትርጉም የሌለው ጩኸቱ። መልካሙ ፊቴን እያየ «ደህና ነው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «ተመስገን» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው፣ የእሱ ሚስት እግሯ ጭኑ ላይ፣ እንደዚያ ሆና።

ሆስፒታል በር ላይ ፊኛው በነፋስ እየተንቀጠቀጠ ቆምን። ዘበኛው መጀመሪያ «ሙሽራ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ። ከዚያ አልጋ እየገፋ መጣ።

ያን ምሽት እትዬ ለምለም ሆስፒታል ድረስ መጡ። ስማቸውን እንጂ ስልካቸውን አልያዝኩም ነበር፤ የማር ነጋዴዋን ለምለም ስል ዘበኛው ነው ልጅ ልኮ ያስጠራልኝ። የጎረቤታቸውን ምራት ይዘው መጡ፤ እሷም አራስ ናት። «አንቺ ብቻሽን ምን ታደርጊ?» አሉኝ። እየተፈራረቅን አጠባናት።

ሰኞ

ሐኪሙ ሲወጣ ሁላችንም ቆመን ነበር። «ትኩሳቱ እየወረደ ነው። አንድ ቀን ብትዘገዩ አልቆ ነበር» አለ። መልካሙ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ዝናሽ ከሌሊቱ ጀምሮ እየደወለች ነበር፤ በቅሎዋ ላይ ወጥታ ወርዳለች፣ አማቶቿም ቤት ገብታለች፣ ግን ከበሮ አላስመታሁም አለችኝ።

ከመሄዴ በፊት ገብቼ ታማሚዋን እንዳያት ፈቀዱልኝ። አበባ ነቅታለች። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፣ ቃሉን እየፈለገች።

«አንቺ ነሽ ያጠባሽልኝ?»

«እኔም፣ አንዲት የሰቆጣ ልጅም።»

«ያንቺ ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«ከማን ጋር ነው ያለ?»

«ከአያቱ ጋር።»

ሕፃኗን አስጠጋሁላት። ክንዷ ላይ መርፌ ስላለ ማቀፍ አልቻለችም፤ በአፍንጫዋ ራሷን አሸተተቻት።

«እንግዲያ ሂጂ» አለችኝ። «የኔዋ ጠግባለች። ያንቺው ይጠብቅሻል።»

ወልድያ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። ናትናኤል በደረጄ ክንድ ላይ ሆኖ አየኝና ለቅሶውን ለቀቀው፤ ፊቱን አባቱ አንገት ውስጥ ደበቀ። አማቴ «አቧራው ነው፣ ታጠቢ» አሉኝ። እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ፣ ቀሚሴን ቀየርኩ፣ ተቀመጥኩ። ደረጄ አስታቀፈኝ። ትንሽ ገፋኝ፣ አሸተተኝ፣ ከዚያ ያዘ።

ያኔ ነው ሰውነቴ መንቀጥቀጥ የጀመረው፤ ጉልበቴ፣ ክንዴ፣ አገጬ። እንዳልጥለው ፈራሁ። ደረጄን «ከሥር ደግፍልኝ» አልኩት። ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ ተንበርክኮ ደገፈልኝ። ልጁ ጠግቦ እስኪለቅ እንደዚያው ሆነን ቆየን።